የእትዬ ብርቄ ጨው

እትዬ ብርቄ ማረፋቸውን የነገረችኝ ዘይነባ ናት፣ በስልክ። ፋርማሲ ቆሜ ለአንድ ሽማግሌ የደም ግፊት ኪኒን አወሳሰድ እያስረዳሁ ነበር። «ሰኒ፣ ቶሎ ነይ፤ እትዬ ብርቄን ብናንኳኳ፣ ብናንኳኳ...» አለችና ልቅሶ አፈናት። ሳትጨርሰው ገባኝ። ኪኒኑን ለሽማግሌው ሰጠሁና እንደ ልማዴ «ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ፤ ጨው ይቀንሱ» አልኳቸው። ጨው የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ጋውኔን አውልቄ ባንኮኒው ላይ ጣልኩት። ሽማግሌው ደንግጠው «ምነው ልጄ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ሰው ሲጠይቀኝ «ደግ ጎረቤት ነበሩ» ብዬ ማለፍ እችላለሁ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያ እያልኩ ነው ያለፍኩት። ደግ ጎረቤት ግን በየግቢው አለ። የእትዬ ብርቄ ነገር ሌላ ነው። ጥፋት ካለም ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ የእኛ ነው፤ ከእኛም ይበልጥ የእኔ። ማንም ተናገሪ አላለኝም፣ ግን ልናገረው።

ግቢያችን ዲላ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ወደ ላይ በሚወጣው ኮረኮንች መንገድ ላይ ነው። አራት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የቆርቆሮ በር። በሩን ከፍተው ሲገቡ በስተቀኝ እትዬ ብርቄ ናቸው። ቀጥሎ ከእናቴ የወረስኩት የእኔ ሁለት ክፍል ነው። ከዚያ ዘይነባ፣ የስልጤ ልጅ፣ ጨርቅ ነጋዴ ከሆነው ባሏ ጋር። ከቧንቧው ጎን ደግሞ አስቴር፣ ወንጌላዊ ከሆነው ባሏና ከልጆቿ ጋር። አስቴርና ባሏ ጌዴኦ ናቸው፤ የባሏ ቤተሰቦች ያሉት ደጋው ላይ፣ ቡሌ ነው። እትዬ ብርቄ ራሳቸው የወሎ ሰው ናቸው። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ባላቸውን ተከትለው ገና በልጅነታቸው ዲላ ገቡ፤ ባላቸው እዚሁ ተቀበሩ፤ አንድ ልጃቸው ዳዊት እኛ ወደ ግቢው ሳንገባ አዲስ አበባ ሥራ ይዞ ቀረ፣ መልኩን እንኳ አናውቀውም። «ደሴ ልመለስ ብል ማን ያውቀኛል? የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ድስቴን የሚያውቅ ነው» ይሉ ነበር።

ረጅም ናቸው፣ ቀጭን፤ ድምፃቸው ጎርናና። ሲናገሩ የተቆጡ ይመስላል። እውነትም ብዙውን ጊዜ ተቆጥተው ነው። ቧንቧ ከፍቶ የሄደ፣ ልጅ የመታ፣ ሰላም ሳይል ያለፈ ሁሉ ቁጣቸውን ይቀምሳል። ተቆጥተው ሲያበቁ ግን ሳህን ይዘው ይመጣሉ። ሰድበውኝ ሳይጨርሱ ያበሉኝን ቀን ብቆጥር አያልቅልኝም።

ሦስት ድስት ነበራቸው። አንዱ የጾም፣ አንዱ የፍስክ፣ አንዱ ደግሞ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት የዘይነባ ድስት። በዚያ ድስት የክርስቲያን ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። ለገና ዶሮ ሲገዙ ሁለት ይገዛሉ፤ አንዱን የዘይነባ ባል ያርድላቸዋል፣ እሱ በባለ ቀይ ክሩ ድስት ተሠርቶ ለዘይነባ ቤት ይሄዳል። «እትዬ፣ ሁለቴ ከሚለፉ ለእነ ዘይነባ ምስር ቢልኩላቸውስ?» ስላቸው ጆሮዬን ቆንጠጥ ያደርጉና «ለፋሁ ብዬ ላንቺ አቤት ያልኩበት ቀን አለ?» ይሉኛል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሁዳዴ ነበር። እሳቸው ሁለት ወር ሙሉ ቅቤ በአፋቸው አይዞርም። አስቴር ቤት ግን ሁዳዴ የለም፣ ዘይነባ ቤትም የለም። እትዬ ብርቄ ታዲያ ራሳቸው በሽሮ እየዋሉ ለአስቴር ልጆች ጎመን በቅቤ ይሠራሉ። ጠብታ ሳይቀምሱ! ድስቱን ከፈት ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው እንፋሎቱን በመዳፋቸው ወደ ራሳቸው ይጠሩታል። አንዴ ሳብ ያደርጋሉ። «ጨው ጎድሎታል» ይላሉ፣ ቆንጠር ያደርጉለታል፤ እንደገና ሳብ ያደርጋሉ፣ «አሁን ደረሰ» ይላሉ። እውነትም ደርሷል። ጨው እንዴት ነው የሚሸተው ብዬ ብጠይቃቸው «ጨው አይሸትም። ጨው ያልገባበት ሽንኩርት ግን ይሸታል» አሉኝ። የንስሐ አባታቸው ይህን ሰምተው «በጾም ምን ቅቤ ለቅቤ ያስኬድሻል?» ብለው ገሥጸዋቸው ነበር። «አፍንጫም ይጾማል እንዴ አባቴ? አልኳቸው፤ ሳቅ ብለው ዝም አሉኝ» ብለው ሲነግሩን ግቢው ሁሉ ሳቀ።

አንድ ጊዜ ዘይነባና አስቴር በቧንቧ ወረፋ ተጣሉ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣበት ጊዜ ነበር፤ ጄሪካን አንስተሻል አላነሣሁም፣ ቃል ተለዋወጡ፣ ተኮራረፉ። ባሎቻቸው ሳይቀሩ ሰላምታ ተዉ። እትዬ ብርቄ አልገላገሉም፣ አልመከሩም። በሦስተኛው ሳምንት ዱባ ወጥ ሠሩና ለዘይነባ በአስቴር ሳህን፣ ለአስቴር ደግሞ በዘይነባ ሳህን ላኩላቸው። ሳህኖቹ እሳቸው ዘንድ ነበሩ፣ የሁሉም ሳህን እሳቸው ዘንድ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው። እንግዲህ ዘይነባ ምን ታድርግ? የአስቴር ሳህን እጇ ላይ ነው። ሁለት ቀን አስቀመጠችው። በሦስተኛው ቀን ሳምቡሳ ሞላችበትና አንገቷን ደፍታ የአስቴርን በር አንኳኳች። አስቴርም የእሷን ሳህን ቆጮ ሞልታበት ጠብቃት ኖሯል። እትዬ ብርቄ በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሽንኩርት እየላጡ «ወይ እርጅና፣ ሳህን መለየት አቃተኝ» አሉ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ።

እንዲህ ነበርን። አሁን ወደ ክፉው ልምጣ።

አንድ ክረምት ከባድ ጉንፋን ያዛቸውና ሁለት ሳምንት ተኙ። ሲነሡ በእግራቸው ፋርማሲ ድረስ መጡ። ሰው እስኪወጣ ጠብቀው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«ሰኒ፣ ሽታ ጠፋብኝ» አሉኝ። «ትናንት ቅቤ ሳነጥር ውሃ የማፈላ ነው የመሰለኝ። ምላሴም እንጨት ሆኗል።»

«ከጉንፋን በኋላ ያጋጥማል እትዬ፤ ይመለሳል፣ ትንሽ ይታገሡ።»

«ካልተመለሰስ?»

ዓይኔን ወደ መደርደሪያው መለስኩ። የማይመለስለት ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው።

«ስሚኝ፤ ለሰው እንዳትናገሪ። ከሰሙ 'ይተዉት፣ አይልፉ፣ እኛ እናመጣለን' ይሉኛል። እኔ ሳህን ካልላክሁ ማን በሬን ያንኳኳል? ምን አለኝና?» ድምፃቸው ዝቅ ሲል ያን ቀን ነው የሰማሁት። «ወጤ የተበላሸ ዕለት አንቺ ንገሪኝ። በጆሮዬ ንገሪኝ፣ አስተካክላለሁ። ትነግሪኛለሽ?»

«እነግርዎታለሁ።»

«በማን?»

«እናቴን!» አልኩ። እናቴን ራሳቸው ናቸው ገንዘው የቀበሯት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ምስር ወጥ ላኩልኝ፤ ላኩልኝ ስል ራሳቸው ይዘው መጡ። አንድ ጉርሻ ስጎርስ መንጋጋዬ ተያዘ። ጨው ነው፣ ጨው! እሳቸው በሩን ተደግፈው ያዩኛል። ልጅ ፈተና ጽፎ የአስተማሪውን ፊት ሲያይ አይታችኋል? እንደዚያ ነው የሚያዩኝ። «እንዴት ነው?» አሉ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ኧረ ግሩም ነው እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ!» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ገና ከበሽታ መነሣታቸው ነው፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ያ ነገ ዘጠኝ ወር ሆነ።

ሁላችንም አወቅን፣ አንዳችንም አልተናገርንም። ዘይነባ ቧንቧው ጋ አስጠግታኝ «ሰኒ፣ የእትዬ ወጥ...» አለችኝ።

«እሱማ በዝቷል።»

«ንገሪያቸዋ! የመድኃኒት ሰው አይደለሽ?»

«አንቺ አትነግሪያቸውም?»

«እኔ? ወላሂ፣ ምን ዓይን አለኝ! ሦስቱንም ልጆቼን ስወልድ ገንፎ ያበሉኝ ሴትዮ ናቸው።»

አስቴርን ጠየቅናት። «እየጸለይኩበት ነው» አለች። ጸሎቱ ለእትዬ ምላስ ይሁን ለእኛ ሆድ አልጠየቅኳትም።

ያሳዝናል የምትሉት ይህ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሳህናቸውን ባዶ መመለስ አንችልም አላልኩም? ጥፋተኝነት ሲሰማን ደግሞ አብዝተን መለስን። ዘይነባ ብስኩት ጋገረችላቸው፣ አስቴር ቡላ ከቡሌ አስመጣችላቸው፣ እኔ ከገበያ ያገኘሁትን አቦካዶ ሁሉ ተሸከምኩላቸው። እሳቸው ደግሞ ምን ይምሰላቸው? ምግቤ ቢጣፍጥ ነው ብለው አብዝተው ሠሩ። ቀድሞ በሳምንት ሁለቴ የሚልኩት ሴትዮ አንድ ቀን እየዘለሉ ይልኩልን ጀመር። ጡረታቸውን ሽንኩርትና በርበሬ ላይ ጨረሱ። «እንዲህ ተወድጄ አላውቅም» ብለውኛል አንድ ቀን፤ አፈር ስሆን፣ ልክ እንዲህ ነው ያሉኝ።

እኔ የሚልኩልኝን ጓሮዬ ካለችው እንሰት ሥር ነበር የምደፋው። ዘይነባ ሽንት ቤት ትለቀዋለች። አስቴር ለልጆቿ ውሃ እየጨመረች ለማቅጠን ሞክራ ነበር፣ ልጆቹ እንቢ አሉ። ከእኔ ጓሮ ያለችው እንሰት ቅጠሏ ከዳር ከዳር ይቃጠል ጀመር። እትዬ ብርቄ አንድ ቀን አዩዋትና «ይህቺ እንሰት ምን ነካት?» ብለው አመድና ፍግ አምጥተው በእጃቸው ሥሯን ኮተኮቱላት። ከኋላቸው ቆሜ አየሁ። ያን ጊዜም አልተናገርኩም።

ከፋሲካ በኋላ የአስቴር አማት ዓይናቸውን ሊታከሙ ከቡሌ መጡ። አሮጊት ናቸው፣ አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የሚሉት። እትዬ ብርቄ «የሩቅ እንግዳ መጥታ እንዴት ዝም ይባላል» አሉና እሑድ ምሳ ሁላችንንም ጠሩ። ጎመን በአይብ ከቆጮ ጋር ነበር፤ ሥጋ የለበትም፣ ጾም አይደለም፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ የምንበላው ነገር አስበው ነው የመረጡት። ቀይ ክር ማሰር ሳያስፈልግ ግቢው ሁሉ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጠ። እትዬ ብርቄ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ነበር።

እኛ ሦስታችን ዘዴ አለን። ቆጮውን እናበዛለን፣ ጎመኑን ጫፉን ነካ እናደርጋለን፣ አፋችንን እናንቀሳቅሳለን። አሮጊቷ ግን ማን ነግሯቸው! ሙሉ ጉርሻ ጎረሱ። አቆሙ። ትሪውን አዩት።

«ይሄ ጨው ነው» አሉ።

አስቴር በጌዴኡፋ አንድ ነገር አንሾካሾከችላቸው። አሮጊቷ አልገባቸውም ወይም አልፈለጉም። ወደ እትዬ ብርቄ ዞሩና ፈገግ ብለው፣ በደግነት፣ ክፋት በሌለው ድምፅ ተናገሩ።

«አንተ ጨው በጣም አደረግህ። እኛ አገር ይሄን ላም ይበላል። ሰው አይበላም። ታመመህ እንዴ? ምላስ የለህም?»

ክው አልን። የዘይነባ እጅ አየር ላይ ቀረ። እትዬ ብርቄ መጀመሪያ አሮጊቷን አዩ፣ ቀጥሎ ዘይነባን፣ ቀጥሎ አስቴርን። መጨረሻ ላይ እኔን። እኔ ላይ ቆዩ።

«ሰናይት፣ እውነቷን ነው?» አሉኝ። ሰኒ አላሉኝም።

አሁን እንኳ መናገር እችል ነበር። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አንድ ቃል ነው፤ አዎ ማለት ነው። «ኧረ... ትንሽ ነው እትዬ፤ ዛሬ ብቻ ነው፣ ደህና ነው» አልኩ። ዘይነባ «ምንም አይልም፣ ይጣፍጣል» አለችና አንድ ጉርሻ አጣደፈች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አስቴርም ጎረሰች። ሦስታችንም እሳቸው እያዩን እየተሽቀዳደምን ጎመኑን እንጎርሳለን! ያን ቀን እንደ እኛ የተዋረደ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እትዬ ብርቄ አልጮኹም። ቢጮኹ፣ እንደ ልማዳቸው ቢሰድቡን፣ አንዳችንን በጥፊ ቢሉ ይሻል ነበር። ቀስ ብለው አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«የት ነበር የምትደፉት?»

አስቴር የትሪውን ጠርዝ መጥረግ ጀመረች። እሳቸው ግን በመስኮቱ ወደ እኔ ጓሮ ተመለከቱ፣ እንሰቷን አዩዋት። ጥያቄውን ደግመው አልጠየቁም።

አሮጊቷ ይህ ሁሉ ሲሆን መብላታቸውን አላቆሙም። ብዙ ቆጮ፣ ትንሽ ጎመን፣ ውሃ ጠጣ እያደረጉ፤ ከትሪው የእሳቸውን ፊት ለፊት አጽድተው በሉ። «እጅ ጎበዝ ነህ» አሏቸው ለእትዬ ብርቄ፤ «ጨው ብቻ ቀንስ።» እኛ እያሞገስን የደፋነውን ምግብ አሮጊቷ ነቅፈው ጨረሱት።

ማታ ላይ አስቴር ቤት ገብቼ ለአሮጊቷ ለምን ዝም እንዳልን ማስረዳት ፈለግሁ። ይሉኝታ ነው አልኩ። አስቴር ለመተርጎም ሞከረች፤ ብዙ ቃል ፈጀባት፣ በእጇም ተናገረች። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው አዳምጠው «ፈራችሁ?» አሉ። አስቴር አይ መፍራት አይደለም፣ እንዳይከፋቸው ብለን ነው አለች። «አሁን ከፋው አይደለም?» አሉ አሮጊቷ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ብርቄ እቤታቸው የተከማቸውን ሳህን ሁሉ አጥበው፣ አወልውለው በየቤታችን አደሉ። ባዶውን። አርባ ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት ባዶ ሳህን ወጥቶ አያውቅም። የእኔን ሲያቀብሉኝ እግራቸው ላይ ልወድቅ አጎነበስኩ፣ ክንዴን ይዘው አቆሙኝ።

«እትዬ፣ በእናቴ ይቅር ይበሉኝ።»

«እናትሽን ተያት፣ ባለፈው ምለሽባታል» አሉኝ። «እኔ አንቺን የመረጥኩሽ ስለምትወጂኝ አይደለም። መውደዱንማ ሁሉም ይወደኛል። ትነግረኛለች ብዬ ነው።»

«ከዛሬ ጀምሮ አጠገብዎ ቆሜ እቀምሳለሁ፣ እያንዳንዱን እነግርዎታለሁ።»

«አሁን 'ደህና ነው' ብትይኝ በምን አምንሻለሁ?»

ባዶውን ሳህን ይዤ ገባሁ። መልሱን እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ። ብዙ ቀን አስቤበታለሁ፤ በውሸት የተበላሸ ነገር በኋላ በተነገረ እውነት ይስተካከላል ትላላችሁ? እኔ ሲስተካከል አላየሁም።

ከዚያ ወዲያ ለሰው አልሠሩም። ለራሳቸውም የሠሩ አይመስለኝም፤ ከሱቅ ዳቦ ይገዛሉ፣ ሻይ ያፈላሉ፣ ሙዝ ይበላሉ። ሰላም እንላቸዋለን፣ ይመልሳሉ። መቆጣታቸውን ተዉ፤ ቧንቧ ተከፍቶ ሲፈስ ዝም ብለው ያልፋሉ። ይህ ከሁሉ ይበልጥ አስፈራኝ። ዘይነባ ምግብ ይዛ ስትሄድ በሩን ገርበብ አድርገው «ምን ይዤ እመልስልሻለሁ?» ይሏታል። «እትዬ በአላህ፣ ማን መልሱልኝ አለዎት!» ብትል «እኔ ባዶ ሳህን አልመልስም» ብለው ይዘጋሉ። በበዓል ቀን እንኳ ሞክረናል። ሰው ሰብስበን ለዕርቅ ሄድን፤ የንስሐ አባታቸው ተናገሩ። «አልተቀየምኩም አባቴ፤ ይቅር ብያቸዋለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነበር ይመስለኛል። ይቅር ብለውናል፣ ግን የሚሰጡን ነገር አልነበራቸውም፣ ካልሰጡ ደግሞ አይቀበሉም።

አንዲት ነገር ብቻ ትንሽ ተስፋ ሰጥታኝ ነበር። አንድ ቀን አስቴርን አስጠርተው «ያቺ የቡሌዋ አማትሽ መቼ ነው የምትመጣው?» ብለው ጠየቋት። አስቴር ስትነግረን ዘይነባ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አሮጊቷ ቢመጡ እትዬ ይሠሩላቸዋል፣ አንድ ሰው ያበላሉ፣ ከዚያ እኛም... እንዲህ አሰብን። ስልክ ተደወለ። ክረምቱ ገብቶ የቡሌ መንገድ ጭቃ ሆኗል ተባለ። በጋ ይመጣሉ ተባለ። በጋ ሲገባ አሮጊቷ ወገባቸው ተይዞ ከአልጋ መውረድ አቃታቸው። እትዬ ብርቄ ሁለት ጊዜ ጠየቁ፣ ሦስተኛ አልጠየቁም።

እኛም እርስ በርስ ተቃቃርን። እሳቸው ሳህን ባያዞሩ እኛ ልናዞር እንችል ነበር አይደል? አልሆነም። አንዳችን የሌላችንን ፊት ስናይ ያንን እሑድ ነው የምናየው። ቧንቧው ጋ ማን ቀድሞ መናገር ነበረበት በሚለው ተነታረክን። እኔም ለእትዬ ብርቄ የገባሁትን ቃል በንዴት ተናግሬ አወጣሁት። ዘይነባ «እንዲያማ ከሆነ ጉዱ ያንቺ ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥቂት ቆይቶ ባሏ በእነሱ በኩል በቆርቆሮ አጥሮ የራሱን በር አወጣ። የአስቴር ባል ገደብ ወደምትባል ከተማ ተመደበና ቤታቸውን ጠቅልለው ሄዱ። እነሱ ቤት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ተከራዩ፤ ጨዋ ናቸው፣ ምግባቸውን በራቸውን ዘግተው ይሠራሉ። ስማቸውን የጠየቅሁት ከስንት ወር በኋላ ነው።

እትዬ ብርቄ ሰኞ ጠዋት ነው የተገኙት፣ አልጋቸው ላይ፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ። ያዩት ሰዎች በጣም ቀለዋል አሉ። እኔ አላየሁም፣ አልደፈርኩም። ማድቤታቸው ተጠርጎ ሦስቱም ድስት ተደፍቶ ነበር። በርበሬም ሽንኩርትም አልነበረም።

ዳዊት ከአዲስ አበባ ደረሰ፣ ተቀበሩ። የእድሩ ድንኳን ግቢ ውስጥ ተተከለ። አስቴርም ከገደብ መጣች። ለሐዘን ቤት ጎረቤት ነው የሚያበስለው፤ እኔና ዘይነባ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ አንድ ምድጃ አጠገብ ቆመን ሠራን፣ ብዙም ሳንነጋገር። በሥልስቱ ሰው ሳሳ ሲል ዳዊት ትሪ ፊት ተቀምጦ ወደ እኛ ዞረ። እናቱን ይመስላል፣ ረጅም ነው።

«እናንተ ባትኖሩ እናቴን እዚህ ብቻዋን ትቼ አንድ ቀን አላድርም ነበር» አለ። «በየእሑዱ ስደውል ወሬዋ እናንተ ናችሁ። ለዘይነባ ይህን ላክሁ፣ አስቴር ቡላ መለሰችልኝ... ባለፈው እሑድ እንኳ ስለ አስቴር ልጆች ስታወራኝ ነበር፤ ጎመኔን ጨረሱልኝ ብላ።»

አስቴር ገደብ ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው። አንገቷን ደፋች።

«እኔ ደግሞ ሽታ እንደጠፋባት ስለነገረችኝ ተጨንቄ ነበር» አለ ዳዊት። «እማዬ፣ ይቅርብሽ፣ ምግቡ ይበላሽና ሰው ይታዘብሻል እላታለሁ። 'አታስብ፣ ሰናይት አለችልኝ፣ ጨው ሲበዛ በጆሮዬ ትነግረኛለች' ትለኛለች። እስከ መጨረሻው እንደዚያ ነው ያለችኝ።» ወደ ሦስታችንም ተመለከተ። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰናይት የቷ ናት?»

ዘይነባ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቆመች። ሰምታለች። አስቴርም ሰምታለች። ቢናገሩ መብታቸው ነበር፣ ሁለቱም አልተነፈሱም።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ተነሥቶ መጣና አቀፈኝ፣ ጉንጬን ሳመኝ። እንባው ፊቴን አረጠበው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ።

«አብሮ ይስጠን» አልኩት።